ካንሰር መሳይ

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና የምታፈሉ ካላችሁ ከአቦል ጀምራችሁ በረካ ላይ ትጨርሱታላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በኋላ «ቲቸር ተሳስተዋል» እንዳትሉኝ።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። በመምህራን ክፍል ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ከጎኔ የተቀመጠው የጂኦግራፊ መምህር ጓደኛዬ ከሦስት ዓመት በፊት ውሃ መጠጣት ጀመረ። «ሰው ሁሉ ውሃ ይጠጣል» ትሉኛላችሁ። የእሱ ግን ሌላ ነበር። የሁለት ሊትር ፕላስቲክ ይዞ ይመጣል፣ እኔ አንድ ስኒ ቡና ሳልጨርስ እሱ ሁለቱን ሊትር ይጨርሳል። ከዚያ መጸዳጃ ቤት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ውሃ። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ይነሳል። እኔም ጨዋታ አዋቂ ነኝ ብዬ «ዓባይን ልትገድበው ነው ወይስ ልትጠጣው?» እለው ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሁላችንም «ስኳር ነው» አልነው። በእኛ አገር ውሃ የሚያበዛና ሽንት የሚያመላልሰው ሰው ስኳር ነው፣ አለቀ። ሄዶ ተመረመረ፤ ስኳሩ ደህና ነው። ሌላ ቦታ ሄደ፤ ደህና ነው። ሦስተኛ ቦታም ደህና ነው። ከዚያ አንድ ቀን ካርታ ሲያይ መስመሩ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየው። ለጂኦግራፊ መምህር ይሄ ቀልድ አይደለም። ኤምአርአይ ሲነሳ ከአንጎሉ ሥር፣ ፒቱታሪ ዕጢው ካለበት ቦታ ላይ፣ አንድ ያልነበረ ነገር በቅሏል።

እዚያ ቦታ ላይ የሚገኘው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የፒቱታሪው የራሱ አዴኖማ ነው፤ ክፉ አይደለም። እሱም እንደዚያ ነው የተባለው። በአፍንጫ በኩል ገብተው ያወጡታል፣ ይድናል። አንዲት ወጣት ሐኪም ግን ልቧ አልተቀበለውም። አዴኖማ ሰውን ከቀዶ ጥገና በፊት እንዲህ ውሃ ማስጠጣቱ ብርቅ ነው። ሸሚዙን አስወልቃ ስታየው ከብብቱ በታች እስከ ጀርባው የሚሄድ ረጅም ጠባሳ አገኘች። «አባባ፣ ይሄ ምንድነው?» አለችው። (የእኛ ተማሪ ብትሆን ደስ ባለኝ ነበር። አይደለችም። ጠይቄያለሁ።)

ጠባሳው የዘጠኝ ዓመት ነው። ያን ጊዜ ደም ያስለው ነበር፤ ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሳንባው ውስጥ ትንሽ ቲዩመር ተገኘችና የሳንባው አንድ ክፍል ተቆርጦ ወጣ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ካርሲኖይድ» የሚል ነበር። ያከመው ሰው «እንደ ካንሰር ያለ ነገር ነው፣ ግን ካንሰር አይደለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን በል» አለው። እሱም አመሰገነ። ሁለት ዓመት ያህል ክትትል አደረገና ተወው። ካንሰር ያልሆነን ነገር ማን ዕድሜ ልኩን ይከታተላል?

ከአፍንጫው በኩል የወጣው ሥጋ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ያው የሳንባው ሆኖ ተገኘ።

ያን ዕለት ማታ ደውሎ የጠየቀኝ ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። «ካንሰር አይደለም ብለውኝ አልነበረም እንዴ? ታዲያ ማነው ይሄን ስም ያወጣው?» አለኝ። የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ የማውቅ መስሎት ነው። አላውቅም ነበር። ስሙን ያወጣውን ሰው መፈለግ የጀመርኩት በዚያ ምሽት ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ራሳችን ቋንቋ አንድ ነገር ልበል። እኛም በስም በኩል ንጹሕ አይደለንም። ካንሰርን ነቀርሳ እንለዋለን፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ግን ቲቢ ማለታችን ነው። የጓደኛዬ አክስት የመጀመሪያውን በሽታ ሲነገራቸው «የሳንባ ነቀርሳ ነው?» ብለው ጠይቀው ነበር፤ ከቤተሰቡ ግማሹ «አይደለም»፣ ግማሹ «ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሁሉም እውነት ተናግረዋል። «ዕጢ»ም እንደዚያው ነው። ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤነኛውን አካልም ዕጢ፣ የበቀለውን በሽታም ዕጢ እንላለን። እዚህ ላይ እንዳይምታታብን ጤነኛውን «ዕጢ»፣ በሽታውን «ቲዩመር» እያልኩ ልቀጥል።

ስሙን ያወጣው ሰው ዚግፍሪድ ኦበርንዶርፈር ይባላል። በ1876 ሙኒክ የተወለደ የፓቶሎጂ ሰው፣ አይሁዳዊ ጀርመናዊ። ፓቶሎጂ ማለት በአጭሩ የታመመን ሥጋ በማይክሮስኮፕ እያዩ «ይሄ ምንድነው?» የሚል ጥያቄ መመለስ ነው። ኦበርንዶርፈር አስከሬን ሲመረምር ትንሹ አንጀት ላይ ጥቃቅን ቲዩመሮች ያጋጥሙት ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው ካንሰር ይመስላሉ። ጠባያቸው ግን የካንሰር አይደለም፤ ትንንሽ ናቸው፣ ዳር ድንበራቸው የለየ ነው፣ ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፣ ወደ ሌላ አካልም አልተሰራጩም። ሰዎቹ የሞቱት በሌላ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ከእሱ በፊትም ያዩ ነበሩ፤ ላንግሃንስ በ1867፣ ሉባርሽ በ1888። ስም የሰጠው ግን እሱ ነው። በ1907 ድሬስደን በተደረገው የጀርመን የፓቶሎጂ ማኅበር ጉባኤ ላይ «ካርሲኖይድ» ብሎ አቀረበው። ካርሲኖማ ካንሰር ነው፤ «ኦይድ» መሳይ ማለት ነው። ካንሰር መሳይ።

አሁን አስቡት። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ያየው ስድስት ሰው ነው። ያየውን በትክክል ነው የተናገረው። በስድስት ሰው ላይ የቆመች አንዲት ቃል ናት እንግዲህ መቶ ዓመት ተሻግራ ጓደኛዬን «አመስግነህ ሂድ» ያስባለችው።

ግን ሰውየውን አትውቀሱት፤ እኔም መጀመሪያ ወቅሼው ነበር። ኦበርንዶርፈር ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት እዚያው ሙኒክ፣ ሽቫቢንግ ሆስፒታል ውስጥ የፓቶሎጂ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ ዓይኑን ከእነዚያ ቲዩመሮች ላይ አልነቀለም። በ1929 በአንድ ትልቅ የፓቶሎጂ መድብል ውስጥ ስለ አንጀት ቲዩመሮች ሲጽፍ የራሱን ቃል አረመ። ካርሲኖይድ ክፉም ሊሆን ይችላል፣ ሊሰራጭም ይችላል አለ። ስንቱ ሳይንቲስት ነው በወጣትነቱ ያስጠራውን ነገር በሃምሳ ዓመቱ «ጎደሎ ነበር» ብሎ የሚጽፈው? እኔ ተማሪ ፊት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ስህተት ለማጥፋት እንኳ ስንቴ ተግደርድሬያለሁ!

እርማቱ ግን ስሙን አልደረሰበትም። ስም ፈጣን ነው፤ እርማት እግረ ከባድ ነው። መድብሉ ወፍራም ነው፣ ያነበበው ጥቂት ነው፣ ቃሉ ደግሞ አጭርና ደስ የሚል ነው። ሳንባ ላይም ያው ታሪክ ተደገመ። በ1930 ሩዶልፍ ክሬመር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በአየር ቧንቧ ውስጥ የሚበቅሉትን እነዚህን ቲዩመሮች «የብሮንከስ አዴኖማ» ብሎ ጻፈባቸው። አዴኖማ ማለት ክፉ ያልሆነ ማለት ነው። በ1937 ኸርቪግ ሃምፐርል የተባለ ኦስትሪያዊ ከእነዚህ «አዴኖማዎች» ውስጥ የተወሰኑት የአንጀቱን ካርሲኖይድ ቁርጥ እንደሚመስሉ አሳየ። የጽሑፉ ርዕስ ግን አሁንም ስለ «ክፉ ያልሆኑ» የብሮንከስ ቲዩመሮች የሚል ነበር። ካርሲኖይድ በዚህ መንገድ ወደ ሳንባ ገባ፤ እርማቱን አንጀት ላይ ጥሎ ስሙን ብቻ ይዞ።

በ1938 ፍሪድሪሽ ፋይርተር ከእነዚህ ጋር የሚዛመዱ ሆርሞን አመንጪ ሴሎች በአንድ ዕጢ ውስጥ ተሰብስበው ሳይሆን በመላው ሰውነት፣ በአንጀትም በሳንባም፣ እንደ ዘር ተበትነው እንደሚገኙ ጻፈ። ዛሬ ኒውሮኢንዶክራይን የምንላቸው ናቸው። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ውሃው። ፒቱታሪ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ዕጢ ናት፤ ግማሽ ግራም ገደማ። የጥንቶቹ ሐኪሞች፣ ከጋለን ጀምሮ፣ የአንጎል ንፍጥ በእሷ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወርድ ይመስላቸው ነበር፤ ስሟም የመጣው በላቲን ንፍጥ ከሚለው ቃል ነው። (ይኸው ሌላ የተሳሳተ ስም። «የዕጢዎች ንግሥት» እያልኩ ሳስተምራችሁ ይሄን አልነገርኳችሁም።) የተቀመጠችበት የአጥንት ጎድጓዳ ደግሞ በላቲን «የቱርክ ኮርቻ» ይባላል፣ የፊትና የኋላው ከፍ ስላለ።

የዚያች ሽምብራ የኋላ ክፍል ከሽንት ጋር ምን እንዳገናኘው ለረጅም ጊዜ አይታወቅም ነበር። በ1912 ብሬስላው ከተማ የሚሠራ ኤሪሽ ፍራንክ የሚባል ሐኪም አንድ በሽተኛ አጋጠመው። ሰውየው ጭንቅላቱን በጥይት ተመቶ ተርፏል። ከዚያ በኋላ ግን ውሃ አይጠግብም፣ ሽንቱም አያቆምም። ራጅ ሲነሳ ጥይቷ እዚያችው ኮርቻ ላይ ተቀምጣለች። ፍራንክ ሁለቱን አያያዘ፤ ያለ ስኳር የሚመጣው ይሄ የሽንት በሽታ ከፒቱታሪ የኋላ ክፍል መጎዳት ጋር የተያያዘ ነው አለ። በዓመቱ፣ በ1913፣ ጣሊያን ውስጥ ፋሪኒ፣ ጀርመን ውስጥ ፎን ዴን ፌልደን፣ ከከብት ፒቱታሪ የኋላ ክፍል የተጨመቀውን እንዲህ ላሉ በሽተኞች ወጉና ሽንታቸው ቀነሰ። ጓደኛዬ ዛሬ የሚወስደው ዴስሞፕሬሲን የዚያ መርፌ የልጅ ልጅ ነው።

በሽታው በሕክምናው ቋንቋ የተጠራበት ስም «ዲያቤቲስ ኢንሲፒደስ» ነው፤ ጣዕም የሌለው ስኳር እንደ ማለት። ከስኳር በሽታ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የሚጋሩት «ዲያቤቲስ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። በስሙ መመሳሰል የተነሳ በሽተኞች ስለተጎዱ በ2022 የተለያዩ አገሮች ሐኪሞች ተሰብስበው ስሙ እንዲቀየር፣ «የቫሶፕሬሲን እጥረት» እንዲባል ሐሳብ አቀረቡ። እኛም ጓደኛዬን ሦስት ቦታ ስኳር ያስለካነው በባዶ ሜዳ አይደለም።

እዚህ ድረስ ሁለቱ ሰዎች፣ የሙኒኩ ኦበርንዶርፈርና የብሬስላው ፍራንክ፣ የማይገናኙ ናቸው። አንዱ ሬሳ መርማሪ፣ አንዱ የሕያዋን ሐኪም፤ አንዱ አንጀት ላይ፣ አንዱ ጭንቅላት ውስጥ። ከዚያ 1933 መጣ። ሂትለር ሥልጣን በያዘ በሦስተኛው ወር፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ አይሁዳውያንን ከመንግሥት ሥራ የሚያስወጣ ሕግ ወጣ። ሁለቱም አይሁዶች ናቸው። ሁለቱም ሥራቸውን አጡ።

በዚያው ዓመት ቱርክ ውስጥ አታቱርክ ዩኒቨርሲቲውን ከሥሩ እየለወጠ ነበር። አሮጌው ተዘግቶ በነሐሴ 1933 አዲሱ የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ መምህር ያስፈልገዋል። ፊሊፕ ሽቫርትስ የሚባል፣ እሱም የፓቶሎጂ ሰው፣ ከፍራንክፈርት ሸሽቶ ዙሪክ ገብቶ የተባረሩ ምሁራንን የሚረዳ ማኅበር አቋቁሞ ነበር። ከቱርክ መንግሥት ጋር ተደራደረና በአንድ ጊዜ በርካታ ፕሮፌሰሮች ኢስታንቡል ገቡ። ከገቡት መካከል ኦበርንዶርፈርም ፍራንክም ነበሩ። አንድ ከተማ፣ አንድ የሕክምና ፋኩልቲ። ስደተኞቹ መጀመሪያ ላይ በአስተርጓሚ ያስተምሩ ነበር፤ ውላቸው ግን ቱርክኛ እንዲማሩ ያስገድዳል። ሃምሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ይቆጥራል ማለት ነው። ሽቫርትስን ምስጋና ይግባውና ሥራቸው አልተቋረጠም። ኦበርንዶርፈር እዚያው ኢስታንቡል በ1944 ሞተ። ፍራንክም እዚያው በ1957 አረፈ።

እና የጓደኛዬን ነገር አስቡት። ሳንባው ላይ የተጻፈው ቃል የአንደኛው ስደተኛ ነው፤ ውሃ ያስጠጣው በሽታ ከየት እንደሚነሳ ያየው ሁለተኛው ስደተኛ ነው። ሁለቱ የተገናኙት «የቱርክ ኮርቻ» በሚባል አጥንት ላይ። ለጓደኛዬ ይሄን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

ግን እንዴት ነው ከሳንባ የተነሳች ሴል እዚያች ሽምብራ ላይ የምትደርሰው? ተማሪዎቼ፣ የደም ዝውውሩን ሥዕል አስታውሱ፤ ለፈተና ያስለቀስኳችሁን። ከአንጀት የተነሳ ደም መጀመሪያ ጉበት ይገባል፣ ጉበት ያጣራዋል። የአንጀት ካርሲኖይድ ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ ጉበት ላይ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ከሳንባ የተነሳ ደም ግን ቀጥታ ወደ ግራ ልብ፣ ከዚያ በአንድ ምት ወደ አንገት ሥር፣ ወደ አንጎል። መሐል ላይ በረኛ የለም። ፒቱታሪ ጋ ሲደርስ ደግሞ የፊተኛው ክፍል ደሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ከላይ ከሃይፖታላመስ ዞሮ ነው፤ የኋለኛው ክፍል ግን ቀጥታ ከደም ቧንቧው ይቀዳል። ስለዚህ እንግዳዋ ሴል ቀድማ የምታርፈው ኋላ ነው፤ የሽንቱ ሆርሞን የሚከማችበት ቦታ። ወደ ፒቱታሪ ከሚሰራጩ ካንሰሮች ውስጥ የጡትና የሳንባ ቀዳሚዎቹ ናቸው። አዴኖማ የሚነሳው ከፊተኛው ክፍል ነው። ያቺ ወጣት ሐኪም በውሃው የጠረጠረችው በዚህ ነው።

ሳንባ ፒቱታሪን ሳይሄድበትም ሊያናውጠው ይችላል። አንዳንድ የሳንባና የቆሽት ኒውሮኢንዶክራይን ቲዩመሮች ሴል ሳይሆን ሆርሞን ነው የሚልኩት። ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት የ21 ዓመት ሴት እጅና እግሯ እያደገ ስለመጣ ፒቱታሪዋ ተከፈተ፤ ቲዩመር ግን አልነበረበትም፤ ያበጠው ጤነኛው ዕጢ ነው። ቶሮንቶ ያሉ የፓቶሎጂ ሰዎች ሥጋውን አይተው «ይሄ ከሌላ ቦታ ትእዛዝ የሚቀበል ዕጢ ነው» የሚያሰኘውን ምልክት ለዩ። ቲዩመሩ ቆሽቷ ላይ ተገኘ፣ ወጣ፣ ዳነች። ከእሷ ቲዩመርና ፈረንሳይ ውስጥ ከተገኘ ሌላ ተመሳሳይ ቲዩመር ነው በ1982 የእድገት ሆርሞንን የሚያዘው ሆርሞን ማንነቱ የታወቀው። ተመራማሪዎች እኮ እሱን ፍለጋ ለዓመታት የእንስሳት አንጎል ሲፈጩ ኖረዋል!

ዛሬስ? አንጀት ላይ «ካርሲኖይድ» የሚለው ስም በ2000 ቦታውን «ኒውሮኢንዶክራይን ቲዩመር» ለሚለው ለቀቀ። ሳንባ ላይ ግን እስካሁን አለ፤ በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ውስጥም አለ፣ ዝግ ያለውና ጠንከር ያለው ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ። ዝግ ያለውም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ባያደርገውም፣ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። የሚገርመው ደግሞ በ2022 የፒቱታሪ አዴኖማ ራሱ «የፒቱታሪ ኒውሮኢንዶክራይን ቲዩመር» ተብሎ ስሙ መቀየሩ ነው። ብዙ የሆርሞን ሐኪሞች «በሽተኛ በከንቱ ታስደነግጣላችሁ» ብለው ተቃውመዋል። አሁን አንድ ሰው «ፒቱታሪው ላይ ኒውሮኢንዶክራይን ቲዩመር አለ» ቢባል እዚያው የበቀለ ይሁን ከሳንባ የመጣ በስሙ ብቻ አይለይም። በማይክሮስኮፕም የተለመዱት ቀለሞች ሁለቱንም ያቀልማሉ፤ የፋይርተር ሴሎች ዘመዳሞች ናቸዋ። ከየት እንደመጣ የሚመሰክሩ ሌሎች ቀለሞች መጨመር አለባቸው፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው መጠርጠር አለበት። እነዚህን ቲዩመሮች የሚያበራው ልዩ የጨረር ምርመራ እንኳ አይገላግልም፤ ጤነኛ ፒቱታሪም በእሱ ላይ ያበራል። እኔ ግን ከአዲሱ ስም ጎን ነኝ። የሚያስደነግጥ ስም ቢያንስ ክትትል አያስተውም።

ጓደኛዬ አለ። በየወሩ መርፌ ይወጋል፣ ዴስሞፕሬሲኑን ይወስዳል፣ በየጊዜው ኤምአርአይ ይነሳል። መስመሮቹ አንድ አንድ ሆነው እየታዩት ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ፕላስቲኩን ይዞ ነው የሚዞረው፤ አሁን ግማሽ ሊትር ናት። «ጻፈው፣ ስሜን ብቻ ተወው» ያለኝ እሱ ነው።

ትናንት ከመለጠፌ በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ኢስታንቡል ላይ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ስጨርስ ትንሽ ቆየና «ድሬስደን ያለችው ኤልብ ወንዝ ላይ ነው፤ እሱን አልጻፍከውም» አለኝ።

ይኸው ጻፍኩት።